ጀግናው ዳር ቆሞ ያያል

«አታስቡ፣ ዝም ብላችሁ ግቡበት!» የሚል ምክር መድረክ ላይ ጭብጨባ አጥቶ አያውቅም። ጥቅም የለውም አልልም፤ ለዓመታት «ነገ፣ ነገ» እያለ የኖረን ሰው ከመቀመጫው ያስነሳል። ይህንኑ ምክር በሂማላያ ወንዞች ላይ የጎማ ጀልባ ለሚመራ ሰው ብትነግሩት ግን በትሕትና ፈገግ ብሎ የሌላ ሰው ጀልባ ላይ ያስቀምጣችኋል። ስለ ድፍረት ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃሉ ብዬ የማስባቸው እነዚህ ሰዎች፣ ከባዱ ቦታ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጀልባውን አቁሞ፣ ከውሃው ወጥቶ፣ ዳር ላይ ቆሞ ማየት ነው። እኛ ዘንድ ዳር ቆሞ ማየት የሰነፍ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። እነሱ ዘንድ ግማሹ ሥራ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ሱን ኮሲን እንውሰድ። የኔፓል ወንዝ ነው። የጎማ ጀልባው ጉዞ ከካትማንዱ በስተምሥራቅ፣ በመኪና ጥቂት ሰዓት ከምትርቀው ከዶላልጋት ይነሳና ተራራው አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ቻታራ ላይ ያበቃል። በመሀሉ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ አለ፤ እንደ ወንዙ ሙላት ከ8 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ስድስት ወይም ስምንት ሰው መቅዘፊያ ይዞ በጀልባው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ መሪው ከኋላ ሆኖ ያዛል። ድንኳኑ፣ ሩዙ፣ ምስሩ፣ ድስቱ፣ የመድኃኒቱ ሣጥን ሁሉ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ ጀልባ ላይ ይታሰራል። ካያክ በምትባል የአንድ ሰው ቀጭን ጀልባ ከጎናቸው የሚወርዱ ነፍስ አድን ቀዛፊዎችም አሉ። ማታ ማታ ነጭ አሸዋ ላይ ድንኳን ይተከላል። አንዴ ሸለቆው ውስጥ ከገቡ በኋላ «ይቅርብኝ» ብሎ ታክሲ መጥራት የለም።

የጉዞውን ወር የሚመርጠው ወንዙ ነው። እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እነሱም ክረምት ላይ ናቸው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሞንሱን የሚባለው ዝናብ ወንዙን አሳብጦ ጭቃ ያለብሰዋል። ተጓዡ በብዛት የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር፣ ወይም የዓመቱ ዝናብ ከመመለሱ በፊት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ሐምሌ ጀልባ የሚጠገንበት ወር ነው። «ጊዜው አይደለም» የሚል ሰው ሁሉ ፈሪ አይደለም ለማለት ነው፤ ልዩነቱ ፈሪው ሐምሌ ላይ ሲተኛ ሌላው ጎማ መጣፉ ላይ ነው።

የሱን ኮሲ ደግነቱ ቀስ አድርጎ ማስተማሩ ነው። የወንዝ ሞገድ በዓለም ላይ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 1 ልጆች የሚጫወቱበት ነው፣ 6 ደግሞ ታላላቆቹ ባለሙያዎች እንኳ ብዙውን ጊዜ ጀልባቸውን ተሸክመው በእግር የሚያልፉት ነው። ሱን ኮሲ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ያሉ ናቸው። መቅዘፊያ አያያዝ፣ አብሮ መቅዘፍ፣ ትእዛዝ መስማት የሚለመደው ያኔ ነው። ከዚያ ከሰሜን ታማ ኮሲ ይገባል፣ ሊኩ ይገባል፣ ከኤቨረስት ግርጌ በረዶ የሚነሳው ዱድ ኮሲ ይገባል፤ ወንዙ በእያንዳንዱ ገባር ይወፍራል፤ ሞገዱም ደረጃ 4 ይደርሳል፣ ውሃው ሲበዛ ከዚያም ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን ያስፈራ የነበረውን ዓይነት ሞገድ ተጓዡ በሰባተኛው ቀን እያወራ ያልፈዋል። ወንዙ አልቀለለም፤ እንዲያውም ከብዷል።

ዱድ ኮሲን ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ከኤቨረስት ግርጌ ተነስተው ይህን ወንዝ በካያክ የወረዱት እንግሊዞች ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ። መሪያቸው ማይክ ጆንስ የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። እሱና ጓደኛው ሚክ ሆፕኪንሰን ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1972፣ አዞ የሚኖርበትን ዓባያችንን በካያክ ወርደዋል። የኤቨረስቱን ወንዝ በፊልም ያየ ሰው «እብዶች!» ይላል። ከዓባይ እስከ ኤቨረስት ያለውን የ4 ዓመት መንገድ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ጆንስ በ1978 ፓኪስታን ውስጥ ብራልዱ በሚባል ወንዝ ላይ፣ በችግር ላይ የነበረ ባልደረባውን ለመርዳት ሲሞክር ሞቷል። ይህን የማነሳው ማንም «ወንዙ ቀላል ነው» ብሎ እንዳይደመድም ነው።

አሁን ወደ ዳሩ እንምጣ።

ሱን ኮሲ ላይ ሃርካፑር የሚባል ስመ ጥር ሞገድ አለ። ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ሲቀርቡ ቀድሞ የሚመጣው ድምፁ ነው። ቀጥሎ ወንዙ ፊት ለፊት ድንገት ያለቀ ይመስላል፤ ከዚያ በታች ያለው ነገር ከጀልባው መቀመጫ አይታይም፣ የውሃ ፍንጣሪ ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላል። መሪው ጀልባውን ወደ ዳር ያስጠጋል። ገመዱ ከቋጥኝ ጋር ይታሰራል። ከዚያ በድንጋዮቹ ላይ እየተረማመዱ ወደ ታች ይሄዱና ይቆማሉ፤ ያያሉ።

ላላወቀ ሁሉም አረፋ ነው። መሪው ግን ያነበዋል። ውሃው በሁለት ቋጥኞች መካከል ሲያልፍ ጫፉ ወደ ታች የሚያመለክት ለስላሳ ምላስ ከሠራ መንገዱ በዚያ በኩል ነው። ጫፉ ወደ ላይ፣ ወደ መጣንበት ካመለከተ ግን ከሥሩ ድንጋይ አድፍጧል። ውሃው ከትልቅ ቋጥኝ ላይ ተወርውሮ ወደ ኋላ የሚጠቀለልበት ጉድጓድ ደግሞ ጀልባ ይዞ የሚያስቀር፣ ሰው የሚያገላብጥ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ከአጠገቡ ካለው ግዙፍ ሞገድ ያነሰና የረጋ ሊመስል ይችላል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት አበው ይህን ሳያዩ አልቀሩም። ጥርጣሬ ሲኖር ቁራጭ እንጨት ይወረወርና ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። እንጨት አይፈራም፣ አይጓጓም፤ ውሃው የሚገፋበትን አቅጣጫ ብቻ ያሳያል።

እኔን የሚገርመኝ የሚያነቡበት አቅጣጫ ነው። መጀመሪያ የሚፈልጉት ከሞገዱ በታች ያለውን የረጋ ውሃ ነው፦ መጨረሻ ላይ የት መገኘት አለብን? ከዚያ ወደ ላይ ይመለሳሉ። እዚያ ለመድረስ ትልቁን ቋጥኝ በየት በኩል ማለፍ አለብን? እሱን በግራ ለማለፍ ከላይ በየት እንግባ? መግቢያው የሚወሰነው በስተመጨረሻ ነው። እኛ ብዙውን ጊዜ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። ሥራ ለመልቀቅ የቆረጠ ሰው በጭንቅላቱ ደጋግሞ የሚያረቅቀው የመልቀቂያውን ደብዳቤ ነው፤ ለአለቃው የሚናገራት ቃል ሳትቀር ተዘጋጅታለች። ከስድስት ወር በኋላ የቤት ኪራዩ ከየት እንደሚከፈል ግን ገና አላየም። ደብዳቤው እኮ መግቢያው ብቻ ነው! ከታች ጀምሩ። የረጋው ውሃ የት እንደሆነ ሳታውቁ ማዕበሉን ማለፍ ምን ይፈይዳል?

ቁራጭ እንጨቱንም አትናቁት። ልብስ ቤት ለመክፈት ሱቅ ከመከራየታችሁ በፊት አሥር ቀሚስ አምጥታችሁ ለሥራ ባልደረቦቻችሁና ለጎረቤት ሸጣችሁ እዩ። ሦስቱ ብቻ ከተሸጡ የጠፋው የሰባት ቀሚስ ገንዘብ ነው፤ የዓመት ኪራይ አይደለም። ደግሞ የትኞቹ ሦስቱ እንደተሸጡ አወቃችሁ።

ዳር ላይ ሌላም ሥራ አለ። ጀልባው ከመግባቱ በፊት ካያከኞቹ ቀድመው ያልፉና ከሞገዱ በታች ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ የሚወረወር ገመድ በከረጢት ይዞ ድንጋይ ላይ ይቆማል። የት መቆም እንዳለበት የሚወሰነው «ብንገለበጥ ሰዎቹ በየት በኩል ይወጣሉ?» ተብሎ ተጠይቆ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሊያሸንፉ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፣ ሊወድቁ እንደሚችሉ ግን ያለ ኀፍረት ጮክ ብለው ይነጋገራሉ። እኛ መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ ያነሳ ሰው «ሟርተኛ» ይባላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ መሆናችን ይረሳናል። እናንተስ ከታች ገመድ ይዞ የሚቆም ማን አላችሁ? ስም ጥሩና አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሳይነገረው ገመድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም።

ይህ ሁሉ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2014 ከዶላልጋት በላይ ጁሬ በተባለ ስፍራ ተራራ ተንዶ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሱን ኮሲም ተገድቦ ሐይቅ ሠራ። እንዲህ ያለው አደጋ በየጊዜው አይደርስም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ክረምት ወንዙ ድንጋይ ያንከባልላል፣ አሸዋ ያነሳል፣ ያወርዳል። አምና ያለፉበት ለስላሳ ምላስ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ወንዙን ደጋግሞ የወረደ መሪም ቢሆን ከጀልባው ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ያያል። «ይህችንማ አውቃታለሁ» የሚለው ኩራት ዕድሜው አጭር ነው።

ማየት ሁሉን ይፈታል እያልኩ አይደለም። በቲቤት ያርሉንግ ትሳንግፖ የሚባል ወንዝ አለ፤ 7,782 ሜትር ከፍታ ያለውን ናምቻ ባርዋ ተራራን ዞሮ ወደ ሕንድ የሚወርድ፣ ሕንድ ሲደርስ ብራህማፑትራ የሚባለው ነው። ገደሉ በዓለም ላይ ከታወቁት ጥልቅ ገደሎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 መጸው ወደዚያ የሄዱ አሜሪካውያን ካያከኞች ልምድ ያላቸው፣ ጠንቃቆች ነበሩ፤ ያያሉ፣ አስቸጋሪውን ቦታ ካያካቸውን ተሸክመው ያልፉ ነበር። ሆኖም የዚያ ዓመት ዝናብ ከባድ ስለነበር ወንዙ ካሰቡት እጅግ ሞልቶ ጠበቃቸው። ጥቅምት 16 ቀን ከመካከላቸው ዳግ ጎርደን የተባለው፣ በውድድር ዓለም ስም የነበረው ቀዛፊ፣ አንድ ፏፏቴ ላይ በውሃው ተወሰደ። ጓደኞቹ ጉዞውን አቋረጡ።

በ2002 መጀመሪያ ስኮት ሊንድግሬን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሰባት ካያከኞች ያሉበት ቡድን ይዞ ወደዚያው ገደል ሄደ። ይህ ቡድን ወንዙ በሚጎድልበት በብርዱ ወራት ነበር የደረሰው። የላይኛውን ገደል እያዩ፣ እየቀዘፉ፣ የማይሞከረውን እየተሸከሙ አለፉት። መቀጠል የማይቻልበት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ካያካቸውን ይዘው ከገደሉ ወጡ፤ በረዶ የሸፈነውን ከፍተኛ መተላለፊያ በእግር ተሻገሩ። የሁለተኞቹ ድፍረት ከፊተኞቹ ይበልጣል ብዬ አላምንም። የውሃው መጠን ነው የተለያየው፤ የሁለተኞቹ ብልህነትም ውሃው የጎደለበትን ወር መርጠው መሄዳቸው ነው። «ወንድሜ እንትና ሞክሮ አልሆነለትም» ተብሎ የሚተው ስንት ነገር አለ! ምናልባት እንትና የሄደው ሐምሌ ላይ ነበር።

ተሸክሞ ማለፍም ሆነ መውጣት ሽንፈት አይደለም። ኤድመንድ ሂላሪን ማን ፈሪ ይለዋል? እ.ኤ.አ. በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጋይ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ነው። በ1977 ደግሞ በሞተር ጀልባ ከጋንጅስ ወንዝ አፍ ተነስቶ ውሃውን ሽቅብ እየወጣ እስከ ሂማላያ ለመድረስ ሞከረ። ናንድፕራያግ አካባቢ የምትገኝ አንዲት ፏፏቴ አስቆመችው። ከኤቨረስት ጋር ስትነጻጸር ኢምንት ናት። ሂላሪ ከእሷ ጋር እልህ አልተጋባም፤ ጀልባዎቹ እዚያ ቆሙ፣ ጉዞው በእግር ወደ ተራራው ቀጠለ። ግቡ ተራራው ነበር፤ ጀልባው መጓጓዣ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልናገር፤ ምክንያቱም ይህን አንብቦ ደስ ብሎት ዳር ላይ ድንኳን የሚተክል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። በጣም ያየ ሰው አይገባም። ሞገድ ባዩት ቁጥር ያድጋል፤ ይህን የወንዝ ሰዎች ሁሉ ይስማሙበታል። በመጀመሪያው ደቂቃ ያየኸው ቋጥኝ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቤት ያክላል። ስለዚህ ጎበዝ መሪ የሚፈልገውን ካየ በኋላ ዝም ብሎ ሲያፈጥ አይውልም። መስመሩን ለሁሉም ያሳያል፣ ምልክት የሚሆነውን ድንጋይ ይጠቁማል፣ መግባት የማይፈልግ በእግር ዞሮ ከታች እንዲጠብቅ ይነግራል፣ ከዚያ «እንሂድ» ይላል። ክርክሩ እዚያው ዳር ላይ ይቀራል። ዲግሪ ጨርሶ «ትንሽ ላጥና» እያለ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ፣ የንግድ ዕቅዱን ለአሥራ አምስተኛ ጊዜ የሚያስተካክል ሰው ወንዝ እያነበበ አይደለም፤ ፍርሃቱን እየቀለበ ነው።

ከገቡ በኋላ ያለው ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። «ወደፊት!» ሲባል ስድስቱም መቅዘፊያ እኩል ውሃ ይነካል። ትልቁ ሞገድ ከፊት ቆሞ ሲታይ የሰው ልጅ ሁሉ እጅ አንድ ነገር ይመኛል፦ መቅዘፊያውን ከውሃ አውጥቶ የጀልባውን ገመድ ጨብጦ መያዝ። ልብ ብትሉ ይህ የተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው መቅዘፍ ባቆመባት ቅጽበት ጀልባው ፍጥነቱን ያጣል። ፍጥነት ያጣ ጀልባ አይመራም፤ ውሃው እንደ ፈለገ ያዞረዋል፤ ጎኑን ለሞገዱ ሰጥቶ ይገለበጣል። ሌላም የማይታመን የሚመስል ነገር አለ፦ ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚቀዝፍ መቅዘፊያ ሰውየውንም ደግፎ ይይዘዋል። አየር ላይ የተንጠለጠለው መቅዘፊያ ግን ማንንም አይደግፍም፤ የጎረቤትን ጥርስ ካልሰበረ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ መሪዎች በመጀመሪያው ቀን ረጋ ባለው ውሃ ላይ ደጋግመው የሚያስተምሩት ይህንን ነው፦ ሲያስፈራችሁ ቅዘፉ። ንግዱ በቀዘቀዘ ሳምንት ሱቁን ቀድመው የሚዘጉ፣ ፈተናው በከበደ ወር ክፍል መግባት የሚያቆሙ ሰዎች ገመዱን ጨብጠዋል። እጃቸው ሥራ የያዘ ይመስላቸዋል እንጂ ጀልባው ቆሟል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሰው ይወድቃል። መስመሩ ትክክል ሆኖ፣ ስድስቱም ቀዝፈው፣ አንድ ያልተጠበቀ ሞገድ ከጎን ይመጣና ግራ ፊት ላይ የተቀመጠው ይጠፋል። ለዚህም ትምህርት ተሰጥቷል። በጀርባህ ተኛ፤ እግርህን ወደ ታች፣ ወደ ምትሄድበት አቅጣጫ ዘርጋ፤ የእግርህ ጣቶች ከውሃው በላይ ይታዩህ። ድንጋዩን እግርህ እንጂ ራስህ አይመታው። ለመቆም አትሞክር፤ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ብቻ ቢመስልም እግር ድንጋይ መሀል ከተሰነቀረ ውሃው ሰውነትን ገፍቶ ይደፋል። በሞገዱ ጀርባ ላይ ተንፍስ፣ ጫፉ ፊትህን ሲመታ አፍህን ዝጋ። ገመድ ከተወረወረልህ ገመዱን በደረትህ ላይ ያዝ፤ እጅህ ላይ አትጠምጥመው። ካያከኛው ሲደርስልህ ካያኩን ያዝ፤ ሰውየው ላይ ግን አትጠምጠም። ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ግን ውሃው ውስጥ ሆኖ የሚማራቸው የለም።

ማታ አሸዋው ላይ እሳት ሲነድና ሩዙ ሲፈላ የወደቀው ሰው ወግ ይጀመራል። ካያከኞች በብዙ አገር የሚጠብቁት አንድ ልማድ አላቸው፦ ከጀልባው ወጥቶ የዋኘ ሰው ቢራውን የሚጠጣው ከእርጥብ የወንዝ ጫማ ውስጥ ነው። ማንም አያዝንለትም፣ ማንም አይመክረውም። ጫማው ይመጣል፣ ቢራው ይቀዳል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ጣዕሙ መጥፎ ነው ይባላል፤ አሸዋም አያጣውም። ሆኖም ጫማውን ገፍቶ «አልጠጣም» የሚል ብዙም አይሰማም፤ የዚያን ምሽት ሁሉም የሚጠብቀው ወሬ ከእሱ አፍ ነውና። ጫማውን ባዶ አድርጎ ከመለሰ በኋላ «ሞገዱ ይኸን ያክላል» እያለ እጁን መዘርጋት ይጀምራል፤ ከታች ገመድ የወረወረለት ሰው ደግሞ ከጎኑ ሆኖ «ኧረ ግማሹንም አያክል!» ይላል።